ከባሕር ጠለል በታች

የተራራውን ቁመት በወረቀት ጽፌ፣
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ፣
ከመሪው ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።
እኔ ግን ሹፌር ነኝ፣ የቁልቁለት ሎሌ፤
ከአራድ ወደ ሙት ባሕር በቀን አራቴ እወርዳለሁ።
ግማሽ መንገድ ላይ ሰሌዳ አለ፦ «የባሕር ጠለል»።
ቱሪስቱ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሳፈራል፤
እኔ ከዚያ በታች ጆሮዬ ይደፈናል።
ዜሮ ለሌላው ሰው መነሻው ነው፤
ለእኔ ሳልቆም የማልፈው ፌርማታ ነው።

ዓርብ ዓርብ፣ ፈረቃ በሌለኝ ቀን፣
ከጨው ዳር ተነሥቼ ሽቅብ እሮጣለሁ።
እዚያ ታች አየሩ ወፍራም ነው፣ እንደ አጥሚት ይጠጣል፤
ለጋስ ነው፣ ያታልላል።
ጀርባዬ ላይ ውሃ፣ ቴምር፣ ጨው የነካው ድንች፤
ላቤ ሳይወርድ ደርቆ ግንባሬ ላይ ነጭ ካርታ ይሥላል።
የገደል ፍየል፣ የዋልያ ዘመድ፣
ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ቁልቁል ያየኛል።
እሱ የወጣው ቅጠል ስላለ ነው።
እኔስ?

በሥራ ቀን ተራራዬ ደረጃ ነው፦
አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ሃያ ጊዜ፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት።
ስምንተኛው ላይ እንቅልፍ ያጣች ራይሳ
በሯን ገርበብ አድርጋ በሩሲያኛ ትቆጥርልኛለች።
«ሃያ!» ብዬ ስቆም፣
«አሥራ ዘጠኝ» ብላ ትከራከራለች።
ሻይዋን የምትሰጠኝ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው።

ዝናሽ ትስቃለች፦
«ጤነኛ ሰው ገንዘብ ከፍሎ
አየር ወደሌለበት ይሄዳል?
እኛ እዚህ የመጣነው አየር ፍለጋ ነው እኮ!»

እውነቷን ነው።
ሎድን የለቀቅነው በእልያሳፍ ደረት ምክንያት ነው።
ሐኪሙ «አራድ ውሰዱት፣ አየሩ ደረቅ ነው» ቢለን፣
ፍራሽ፣ ድስት፣ የትንፋሽ ማሽን
እና የአራት ዓመት ልጅ ጭነን መጣን።
ሌሊት ሌሊት ደረቱ ውስጥ ወፍ ያደረ ይመስል
ያፏጭ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ
እቆጥራለሁ፦ አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ፤
የራሴ ሳንባ ሙሉ መሆኑ እያሳፈረኝ።

ባለፈው ሳምንት አየር የሚያሳንስ ጭንብል ገዝቼ፣
ከፍታውን ቤቴ ድረስ ላመጣው፣
አፍና አፍንጫዬን አስሬ ወጣሁ።
ሰባተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳው ተጠጋኝ።
ጉልበቴ ከዳኝ፤ ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ፣
ጭንብሉን ለመፍታት እጄ ቋጠሮውን ረሳ።

በባዶ እግሩ የመጣው እልያሳፍ ነው።
አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ጢም ማብቀል የጀመረ፤
ማን እንደቀሰቀሰው እንጃ።
ፈታልኝ። ከጎኔ ተቀመጠ።
«አባዬ፣ አትሳብ» አለኝ።
«አየር ሲያንስ ሰው ሁሉ ይስባል፣ ስህተቱ እሱ ነው።
መጀመሪያ አውጣ።
ከንፈርህን እንደ ፉጨት አሹል፤
ሻማ እንዳይጠፋ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቀስ።
ያለህን ጨርሰህ ስጥ፣
የሚገባው በራሱ ይመጣል።»

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ፤ «ሌሊት» አለኝ።
እጁን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ ይቆጥር ጀመር፦
አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ።
ከላይ ራይሳ ዝም ብላ ቆማ ነበር።
የዚያን ቀን ስንት እንደሆነ አልተከራከርንም።

ዳገት ሥር የተቀለበ ፈረስ አይረዳም ይባላል።
ጭንብሉን ለቆሻሻ መኪናው ሰጠሁት።
ሩጫው ሦስት ወር ቀረው፤
ምናልባት ሰባኛው ኪሎ ላይ እቀር ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳውን ሳልፍ
ከንፈሬን አሹዬ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፣ ቀስ ብዬ።
ከኋላዬ የተቀመጠች የሆቴል ሠራተኛ
ያፏጨሁ መስሏት፣ «ምን ዜማ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።
«የልጄ ነው» አልኳት፣ ኩርባውን እየያዝኩ፤
«ገና እየተማርኩት ነው።»